ሶፍትዌር የገዛ ቢሮ ሁሉ አብሮ አይሠራም

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ምርጫም ሆነ ስለ ፓርቲዎች ሽኩቻ አይደለም። ስለ ጠረጴዛ ነው። ይበልጥ በትክክል ለመናገር፣ አንድ ደብዳቤ ከአንዱ ጠረጴዛ ተነሥቶ ሌላው ጠረጴዛ እስኪደርስ ስለሚፈጀው ጊዜ ነው። ‹‹ይህ ደግሞ ምኑ ፖለቲካ ነው?›› የሚለኝ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ። በእኔ እምነት በአገራችን ሥልጣን የሚኖረው በአዳራሽና በአደባባይ ብቻ አይደለም፤ በመሳቢያ ውስጥም ይኖራል። የመሳቢያውን ቁልፍ የያዘ ሰው ሹመት ባይኖረውም ይሾማል፤ ይሽራልም።

ይህን ጉዳይ እንድጽፍበት ያስገደዱኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ድሬዳዋ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ለረጅም ዘመን በጥበቃ ሠራተኝነት አገልግለዋል። እኔም በዚያው ቤት ለጥቂት ዓመታት ተቀጥሬ ሠርቻለሁ። ሽማግሌው ጡረታ ሲወጡ የሚያስፈልጋቸው ነገር ቀላል ነበር፤ የአገልግሎት ዘመናቸውን የሚገልጽ ማስረጃ ተዘጋጅቶ፣ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት ለሚመለከተው ክፍል እንዲላክላቸው ብቻ። ጠዋት ጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ወረቀቶቻቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይመጡ ነበር። ቀድሞ በራሳቸው እጅ ይከፍቱትና ይዘጉት በነበረው በር ገብተው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። የሚሰጣቸው መልስም ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ‹‹አባባ፣ በሂደት ላይ ነው።››

በዚያ ዓመት መሥሪያ ቤታችን ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ዘመናዊ የሥራ ማስተባበሪያ ሶፍትዌር ገዝቶ ነበር። የሽማግሌው ጉዳይም በሶፍትዌሩ ተመዝግቧል። ስማቸው ሲጻፍ በአረንጓዴ ቀለም የተከበበ ጽሑፍ ይወጣል፤ ‹‹በሂደት ላይ››። ይህ አረንጓዴ ጽሑፍ ሰባት ወር ሙሉ ሳይለወጥ ቆየ። አንድ ቀን ማያ ገጹን ሳሳያቸው ትክ ብለው አዩትና እንዲህ አሉኝ፤ ‹‹አቦ ልጄ፣ ይህ ማሽን እኔን ካወቀኝ ለሰዎቹ ለምን አይነግርልኝም?››

መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

ዶሴው የት ሄደ?

በሰባቱ ወር የሆነውን ኋላ ላይ ደረስሁበት። የሰው ኃይል ክፍሉ ሠራተኛ የሽማግሌውን ወረቀቶች ተቀበለ። በሶፍትዌሩ ማስገባት ጊዜ ስለሚወስድበት በራሱ ስልክ ፎቶ አንሥቶ ለሒሳብ ክፍል በቴሌግራም ላከ። የሒሳብ ክፍሉ ለምክትል ኃላፊው አስተላለፈ። ምክትል ኃላፊው ‹‹ዋናውን ሰነድ አምጡ›› ብለው መለሱ። መልሱ የደረሰው ግን በመካከሉ ሥራ ለቅቆ አዲስ አበባ ለሄደው ሰው ስልክ ነበር። እንግዲህ ሦስት ሰዎች የሰነዱ ሥዕል አላቸው፤ ሰነዱ ግን ከማንም ዘንድ የለም። ውድ ዋጋ የወጣበት ሶፍትዌር ደግሞ ከዚህ ሁሉ አንዱንም ሳያውቅ አረንጓዴውን መብራት ያበራል።

ይህን የማነሣው ያንን ሠራተኛ ለመክሰስ አይደለም። እርሱ ያደረገውን ሁላችንም እናደርገዋለን። በአገራችን ቢሮዎች እውነተኛው የጋራ ሥራ መሣሪያ ቴሌግራም እንደሆነ የማያውቅ የለም። ፈጣን ነው፤ ሁሉም ሰው አለው፤ ሥልጠና አይፈልግም። ችግሩ መዝገቡ የመሥሪያ ቤቱ ሳይሆን የግለሰቡ መሆኑ ነው። ሰውየው ሲለቅ የመሥሪያ ቤቱ ትውስታ በኪሱ ገብቶ አብሮት ይሄዳል። የዜጎች መታወቂያ፣ የደመወዝ ዝርዝር፣ የሕክምና ወረቀት በማን ስልክ ላይ እንደተኛ የሚያውቅ አንድም አካል የለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ እንኳ ይህ ልማድ በብዙ ቢሮ እንደ ጥፋት ሳይሆን እንደ ቅልጥፍና ይቆጠራል።

ለመሆኑ፣ ሶፍትዌር እያለ ሠራተኛው ወደ ቴሌግራም የሸሸው ስለምንድን ነው? ሶፍትዌሩ እንዴት እንደገባ ላስረዳችሁ። በአንድ ሆቴል የሦስት ቀን ሥልጠና ተሰጠ፤ አበል ተከፈለ፤ የምስክር ወረቀት ታደለ፤ ፎቶ ተነሣን። በአራተኛው ቀን ወደ ቢሮ ስንመለስ ሁሉ ነገር እንደነበረ ነበር። የኃላፊው የይለፍ ቃል ከጸሐፊዋ ዘንድ ተቀመጠ። በሶፍትዌሩ የመጣውን ደብዳቤ ጸሐፊዋ ታትማለች፤ ኃላፊው በእስክሪብቶ ዳር ላይ ‹‹ለሚመለከተው ይመራ›› ብለው ይጽፋሉ፤ ጸሐፊዋ መልሳ ስካን ታደርጋለች፤ ወረቀቱ በመዝገብ ቤት ቁጥር ይሰጠዋል፤ ስካኑም በሶፍትዌሩ ቁጥር ይሰጠዋል። አንድ ሥራ ሁለት ሥራ ሆነ። እንዲህ ያለ ሸክም የተጫነበት ሠራተኛ አቋራጭ ቢፈልግ ምን ይገርማል? አዲስ ወይን በአሮጌ አቁማዳ ማለት ይኸው ነው።

በሦስት ፊደል የመጡ ተስፋዎች

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ይህን ታሪክ ከዚህ በፊት የሰማው ይመስለዋል፤ እውነትም ሰምቶታል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ተብሎ የተጀመረው ጉዞ ቢፒአርን አመጣልን። ቢኤስሲ ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ የጃፓኑ ስልት በየፋብሪካውና በየቢሮው ተሰበከ። በሳተላይት ወረዳዎችን ከማዕከል ጋር የሚያገናኘው ወረዳኔትም በዚያው ዘመን ተዘረጋ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ‹‹ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025›› የተሰኘው ስትራቴጂ ጸደቀ። እያንዳንዱ ሲመጣ ባነር ይሰቀላል፤ ሲሄድ ባነሩ ለሚቀጥለው ቦታ ይለቃል።

የሚያሳዝነው ሐሳቦቹ ክፉ አለመሆናቸው ነው። የቢፒአር አባት የሚባለው አሜሪካዊው ማይክል ሐመር እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ጽሑፍ የተከራከረው ያረጀውን አሠራር በኮምፒውተር ማፋጠን ከንቱ መሆኑን ነው። የማያስፈልገው እርከን መጥፋት አለበት እንጂ መፍጠን የለበትም ነበር የሚለው። እኛ ግን ስሙን ተቀብለን ምክሩን መለስንለት። ሰባት ፊርማ የሚፈልገው ጉዳይ ሰባቱንም ፊርማ እንደያዘ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። ወረዳኔትም ቢሆን ወረዳው ለማዕከሉ የሚናገርበት ሊሆን ይችል ነበር፤ በአብዛኛው የታወቀው ግን ከላይ ወደ ታች መመሪያ በሚተላለፍበት የቪዲዮ ስብሰባ ነው። ቧንቧው ሁለት አቅጣጫ ነበረው፤ ውሃው ግን የሚፈሰው በአንዱ ብቻ ሆነ።

ነገሩ የእኛ ብቻ ዕጣ ነው ብሎ ራስን መርገምም ስሕተት ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ሮበርት ሶሎው እ.ኤ.አ. በ1987 ኮምፒውተር በየስፍራው እየታየ በምርታማነት አሐዝ ላይ ግን እንደማይታይ ታዝቦ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ የታሪክ አጥኚው ፖል ዴቪድ ምክንያቱን በኤሌክትሪክ ታሪክ አሳየ። ፋብሪካዎች የእንፋሎቱን ሞተር አውጥተው በምትኩ ትልቅ የኤሌክትሪክ ሞተር ሲተክሉ ብዙም ያተረፉት ነገር አልነበረም። ትርፉ የመጣው ከአሥርት ዓመታት በኋላ፣ ለእያንዳንዱ ማሽን የራሱ ትንሽ ሞተር ተሰጥቶት የፋብሪካው ወለል እንደ ሥራው ቅደም ተከተል እንደገና ሲደራጅ ነው። ማሽኑን መለወጥ ቀላል ነበር፤ ወለሉን መለወጥ ግን ዘመን ፈጀ።

የሶፍትዌር ሰዎችም የራሳቸው ምስክር አላቸው። ሜልቪን ኮንዌይ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንድ ድርጅት የሚሠራው ሥርዓት የራሱን የድርጅቱን የመነጋገሪያ ቅርጽ መምሰሉ እንደማይቀር አስረድቷል። እርስ በርሳቸው የማይነጋገሩ ክፍሎች የሚያሠሩት ሶፍትዌርም የማይነጋገሩ ክፍሎች ይኖሩታል። እንግዲህ ሶፍትዌር መስተዋት ነው። መልካችንን አሳየን ብለን መስተዋቱን ብንለዋውጠው መልካችን አይለወጥም።

ባቡሩ ያውቅ የነበረው

ድሬዳዋ ስለ አብሮ መሥራት ከባዕድ መምህር መማር የማያስፈልጋት ከተማ መሆኗ ደግሞ ያስቆጨኛል። ይህች ከተማ የተወለደችው ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1902) እዚህ ሲደርስ ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። በእነዚህ ዓመታት ድሬዳዋ የመስመሩ ዋና ጥገና የሚካሄድባት፣ የሶማሌው፣ የኦሮሞው፣ የአማራው፣ የሐረሪው፣ የዓረቡ፣ የግሪኩና የአርመኑ ልጅ የሚገናኝባት ከተማ ሆነች። የምድር ባቡሩ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ከዚራ ውስጥ በፈረንሳይኛ የሚያወጉ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኞች የከተማዋ አንድ መታወቂያ ሆነው የቆዩትም በዚህ ምክንያት ነው።

በነጠላ ሐዲድ ላይ የሚሠራ የማንኛውም አገር ባቡር አንድ የማይሻር ሕግ አለው። በሁለት ጣቢያዎች መካከል ባለው መስመር ላይ በአንድ ጊዜ ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ሊገኙ አይችሉም፤ ከተገኙ ሰው ይሞታል። ስለዚህ የአንዱ ጣቢያ ኃላፊ ‹‹ባቡሩን ልቀቅልኝ፤ መስመሬ ነጻ ነው›› ካላለ የሌላው ጣቢያ ኃላፊ አይለቅም። የመነሻው ሰዓት ይጻፋል፤ የመድረሻው ሰዓት ይጻፋል። ጽሑፉም በግለሰብ ኪስ ሳይሆን በጣቢያው መዝገብ ላይ ይሰፍራል። የጣቢያው ኃላፊ ቢታመም ተተኪው መዝገቡን ከፍቶ ሥራውን ካቆመበት ይቀጥላል። ባቡሩ ከዘገየም በየትኛው ጣቢያ እንደዘገየ ይታወቃል። ‹‹በሂደት ላይ ነው›› ብሎ መልስ እዚያ አይሠራም።

ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ ኮምፒውተር የለም። ቴሌግራፍ፣ ስልክ፣ የግድግዳ ሰዓትና መዝገብ ብቻ ነው ያለው። ዛሬ በሚሊዮን ብር የምንገዛቸው ሶፍትዌሮች የሚሸጡልን ቁም ነገሮች ግን ሁሉም በውስጡ አሉ፤ የጋራ መዝገብ፣ የታወቀ ባለ ጉዳይ፣ የተጻፈ ሰዓት፣ ከሚቀጥለው ሰው የሚመጣ ማረጋገጫ። የድሮው ባቡር ከአዲስ አበባ መምጣቱን ካቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም ጣቢያው ከከተማዋ ውጪ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የብረቱ መዛግ ብቻ አይደለም፤ ከብረቱ ጋር የነበረው የመተማመን ሥርዓት አብሮ መዛጉ ነው።

አራት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ

አሁን ልናገረው የሚከብደኝን ክፍል ልናገር።

ያ ውድ ሶፍትዌር ከመገዛቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ አንዲት ወጣት ባልደረባችን ማንም ሳያዛት በኤክሴል አንድ ሰንጠረዥ ሠራች። አራት ዓምዶች ብቻ ነበሩት፤ ጉዳዩ ምንድን ነው፣ የማን ነው፣ አሁን በማን ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ከመቼ ጀምሮ። ወቀሳ የለበትም፤ አስተያየት የለበትም። በቢሮው የውስጥ መረብ ላይ አስቀመጠችውና ሁላችንም እንድናየውና እንድንሞላው አደረገች። የተጻፈው በአማርኛ ስለሆነ የመዝገብ ቤቷ እናት ሳይቀሩ ይሞሉት ነበር።

የተከተለው ነገር አስገረመን። አንዱ ክፍል ሌላውን ‹‹ምን ላይ ደረሰ?›› ብሎ መጠየቁን ተወ፤ ሰንጠረዡን ያያላ! ስሙ ብዙ ጊዜ የተደጋገመበት ሰው ማንም ሳይናገረው ሥራውን ማቃለል ጀመረ። ሒሳብ ክፍሉ ምን እንደሚጎድለው አስቀድሞ ስለሚጽፍ ወረቀት ሁለት ጊዜ መመላለሱ ቀነሰ። ሳምንታት ይፈጅ የነበረው በቀናት ያልቅ ጀመር። ለሥልጠና አበል አልተከፈለም፤ ባነርም አልተሰቀለም።

ታዲያ አንድ ቀን አንድ ሰው ሰንጠረዡን በቀን ቅደም ተከተል ደረደረው። ከላይ የተሰለፉት፣ ማለትም ከሁሉ የቆዩት ጉዳዮች፣ በአብዛኛው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። የኃላፊው ጠረጴዛ ነበር።

በማግሥቱ ስብሰባ ተጠራ። ‹‹ይህን ሰንጠረዥ ማን ፈቀደ?›› ተባለ። ‹‹የቢሮ ምስጢር ለሁሉ ማሳየት ነው›› ተባለ። ‹‹ከሥራ ክፍፍል ውጪ ነው›› ተባለ። ወጣቷ ብድግ ብላ ‹‹ሥራው እንዳይጠፋ ነው ያደረግሁት›› አለችና ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ማንም አልተናገረም። ሰንጠረዡ ተነሣ፤ እርሷም ‹‹ለሥራ ቅልጥፍና›› በሚል ደብዳቤ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረች።

እኔም በዚያ ስብሰባ ላይ ነበርሁ። አንድ ቃል አልተነፈስሁም። በሰንጠረዡ ከተጠቀሙት ሰዎች አንዱ ነበርሁ፤ እንደሚሠራም አውቅ ነበር። ዝም አልሁ። ከዓመት በኋላ የተገዛው ሶፍትዌር ውስጥ ያ አራተኛ ዓምድ፣ ‹‹ከመቼ ጀምሮ›› የሚለው፣ ለኃላፊዎች ብቻ እንዲታይ ተደርጎ ተሠራ። አረንጓዴውን መብራት ያበራው ይህ ውሳኔ ነው። ሽማግሌውን ለሰባት ወር ያመላለሳቸው ነገር ውስጥ የእኔም ዝምታ ድርሻ አለው ማለት ነው።

የሽማግሌው ዶሴ በመጨረሻ እንዴት ተገኘ? ሥራ የለቀቀው ሰው ጠረጴዛ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሲወርድ፣ ያቺው ወጣት መሳቢያውን ፈትሻ አገኘችው። የሚገቡ የሚወጡትን ዕቃዎች ሁሉ በእጇ በምትጽፍበት ደብተር ላይ ከነቀኑ መዘገበችውና ራሷ ይዛው ፎቅ ወጣች። በሳምንቱ ጉዳዩ አለቀ።

ስንፍና ነው ወይስ ፍርሃት?

ስለ ድሬዳዋ ቢሮዎች መዘግየት ሲወራ ሰበቡን በሙቀቱ፣ በቀትር ዕረፍቱና በበርጫው ላይ የሚያሳብብ አይጠፋም። ‹‹የድሬ ሰው ሥራ አይወድም›› የሚለውን ፈሊጥ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አልቀበለውም። ይኸው ሰነፍ የተባለ ሕዝብ በቀፊራና በታይዋን ገበያ ሲሠራ እዩት። ነጋዴው አይቶት ለማያውቀው ደንበኛ በስልክ ቃል ብቻ ዕቃ ይልካል፤ ሹፌሩ ያደርሳል፤ ተቀባዩ ሒሳቡን ይልካል። ዛሬማ በቴሌብር ይልካል። ቀትር ላይ ከተማዋ ብትተኛም ማታ ትነሣለች፤ ሁሉም ሌላው መቼ እንደሚገኝ ስለሚያውቅ ሥራ አይቋረጥም። በዚያ ገበያ የማይሠራበት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ዕቃው የት እንዳለ መደበቅ። የደበቀ ሰው ነገ የሚያምነው አያገኝም።

በቢሮ ውስጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የደበቀ ይፈራል፤ የተፈራ ይከበራል። የገለጠ ዕቃ ግምጃ ቤት ይወርዳል። ስለዚህ ጥያቄው የባሕርይ ሳይሆን የሥርዓት ነው።

ሠራተኛው ሶፍትዌርን የሚፈራበት ሌላ እውነተኛ ምክንያትም አለ፤ ይህን መካድ ሐቀኝነት አይሆንም። ‹‹ይህ ሲስተም የሚሰልለን ነው›› ያለችኝን የሥራ ባልደረባ መሳቅ አልቻልሁም። አንድ ለአምስት አደረጃጀትን ያሳለፈ ሰው፣ ለልማት ተብሎ የተዘረጋ መረብ ለክትትል ሲውል ያየ ሰው፣ በግምገማ ላይ የሥራ ጉድለት እየተባለ የፖለቲካ ቂም ሲወጣበት የታዘበ ሰው፣ ስሙና ሰዓቱ በየደቂቃው የሚመዘገብበትን ነገር ቢጠረጥር ትክክል ነው። የታችኛውን ብቻ የሚያሳይ ሥርዓት የጋራ ሥራ መሣሪያ አይባልም፤ መስኮቱ በአንድ በኩል ብቻ የሚታይ የጥበቃ ቤት ነው።

የኢስቶንያን ምሳሌ ብጠቅስ ‹‹እነርሱ ሀብታም ናቸው›› እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2001 የመንግሥት መዝገቦቻቸውን እርስ በርስ የሚያገናኝ መረብ ሲዘረጉ ከሶቪየት ኅብረት ከተላቀቁ ገና አሥር ዓመታቸው ነበር። ሕዝቡን ያሳመነው ቁም ነገር ፍጥነቱ ብቻ አልነበረም። ዜጋው የራሱን መረጃ የትኛው የመንግሥት አካል እንዳየበት መልሶ ማየት መቻሉም ነው። ሹሙ ዜጋውን ያያል፤ ዜጋውም ሹሙን ያያል። እኛ የጎደለን ይህ ሁለተኛው ዓይን ነው።

ምን ይደረግ?

ማማረር ብቻውን ጽሑፍ አይሆንም። ስለዚህ ያመንሁበትን ልናገር።

አንደኛ፣ የኃላፊው ጠረጴዛ አስቀድሞ ይገለጥ። ማንኛውም የሥራ ማስተባበሪያ ሶፍትዌር ሲገባ የመጀመሪያው ተጠቃሚ ከሁሉ በላይ ያለው ሰው ይሁን፤ በራሱ እጅ፣ በራሱ የይለፍ ቃል። አንድ ጉዳይ ከእርሱ ዘንድ ስንት ቀን እንደቆየ የበታቾቹ ማየት ካልቻሉ ገንዘቡ አይውጣ።

ሁለተኛ፣ ሁለቱ መንገድ አንድ ይሁን። ጉዳዩ በሶፍትዌር ካለፈ ወረቀቱ ይቅር። ‹‹ያለ ማኅተም ሕጋዊ አይደለም›› የሚለው ሰበብ ዘመኑ አልፏል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ሰነድና ፊርማ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥተዋል። ሕጉ ከእኛ ቀድሞ ሄዷል፤ የቀረነው እኛ ነን።

ሦስተኛ፣ ቋንቋው የሠራተኛው ቋንቋ ይሁን። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ መንገድ ላይ በሚሰሙባት ከተማ፣ ትእዛዙ ሁሉ በእንግሊዝኛ የሆነ ሶፍትዌር ገዝቶ መዝገብ ቤቷን እናት ‹‹ዘመናዊነትን የማትቀበል›› ብሎ መውቀስ ነውር ነው። የባቡሩ ፈረንሳይኛ የሠራው ሠራተኛው በየቀኑ እየሠራበት ስለተማረው ነው እንጂ በሦስት ቀን የሆቴል ሥልጠና አይደለም።

አራተኛ፣ መረብ ሲቋረጥ ሥራ እንዳይቋረጥ ይታሰብ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቆይ፣ ሥራውን ሁሉ በውጭ አገር ኮምፒውተር ላይ ያስቀመጠ ቢሮ ምን እንዳጋጠመው እናስታውሳለን። መንግሥት በአንድ እጁ ዲጂታል ሁኑ እያለ በሌላው እጁ መስመሩን የሚዘጋ ከሆነ፣ የወረቀት ወዳጁን ኃላፊ ‹‹ኋላ ቀር›› ለማለት የሞራል ብቃት አይኖረውም። መረቡ እንደ ሐዲድ መታየት አለበት፤ ቅር ባለን ቁጥር የምንነቅለው ነገር አይደለም።

አምስተኛ፣ ከትንሹ እንጀምር። ያ ባለ አራት ዓምድ ሰንጠረዥ የሠራው ቀላል ስለነበረ ነው፤ በውስጡ ባሉ ሰዎች ስለተሠራም ነው። በየቢሮው እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራ አንድ ሰው አይጠፋም። ከሻጭ ድርጅት ጋር ከመዋዋል በፊት ያንን ሰው ፈልጉት። ምናልባት ዕቃ ግምጃ ቤት ታገኙት ይሆናል።

ድሬዳዋ ለዚህ ሙከራ የምትመች ከተማ ናት። የሳፋሪኮም አገልግሎት በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተሞከረው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. እዚህ ነው። በዚያው ወር የአገሪቱ የመጀመሪያ ነጻ የንግድ ቀጣና የተመረቀውም እዚህ ነው። በዚህ ቀጣና አንድ ኮንቴይነር ሲያልፍ ባቡሩ፣ ጉምሩኩ፣ ባንኩ፣ የጭነት አስተላላፊውና የመጋዘኑ ሰው በአንድ ወረቀት ላይ መገናኘታቸው የግድ ነው። አንዱ ከሌላው ከደበቀ ኮንቴይነሩ ቆሞ ኪራይ ይቆጥራል፤ ኪራዩንም በመጨረሻ የሚከፍለው ዘይትና ስኳር የሚገዛው ሰው ነው። የቢሮ ቅልጥፍና የቅንጦት ወሬ የማይሆነውም ለዚህ ነው።

በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ‹‹መሶብ›› ተብሎ መሰየሙ ደስ ብሎኛል። ስሙ ከመጠሪያነት አልፎ መመሪያ ቢሆን እወዳለሁ። በመሶብ ዙሪያ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የሌላውን እጅ ያያል። ማን እንደበላ፣ ማን እንዳልደረሰው፣ ማን እንደዘገየ ይታያል። ታላቁም ታናሹም ከአንድ እንጀራ ይቆርሳሉ። የደጁ መስኮት አንድ ሆኖ፣ ከመስኮቱ ጀርባ ያሉት ጠረጴዛዎች ግን እንደቀድሞው በየራሳቸው ቁልፍ ከተቆለፉ፣ ለባለ ጉዳዩ የተቀየረለት የሚሰለፍበት ቦታ ብቻ ነው።

አበው ‹‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ›› ይላሉ። ሶፍትዌር ሎሚውን ማከፋፈል ይችላል። ሎሚውን ከታቀፈው ሰው እቅፍ ማስለቀቅ ግን አይችልም፤ ያ የእኛ ሥራ ነው። ለእኔ ደግሞ የሚጀምረው ከዚያ ስብሰባ ነው። ዛሬ እንደገና ቢጠራ፣ ‹‹ይህን ሰንጠረዥ ማን ፈቀደ?›› ሲባል ብድግ ብዬ ‹‹እኔም ሞልቼዋለሁ፤ ይሠራልም›› እላለሁ ብዬ ማሰብ እፈልጋለሁ።

እናንተስ፣ ውድ አንባብያን፣ በየመሥሪያ ቤታችሁ ያ አራተኛ ዓምድ ለማን ይታያል?